የሥነ ፈለክ ተማሪ ሰማዩን በሦስት አውታር እንዲያስብ እንዴት እንርዳው? ዝርዝር መመሪያ ለመምህራን

ተማሪዎቼን ማታ ወደ ሜዳ ባወጣኋቸው ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ ፀሐይ የት ትሆናለች? በጣታችሁ አሳዩኝ» እላቸዋለሁ። ጣቶች ወዲያው ይበታተናሉ። አንዱ ፀሐይ ወደ ጠለቀችበት ኮረብታ፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ፣ አንዳንዱም ግራ ተጋብቶ ወደ ሰማይ ያሳያል። ከእግሩ በታች፣ መሬቱን ሰንጥቆ ቁልቁል የሚጠቁም ብዙ ጊዜ አይገኝም። እነዚሁ ልጆች ግን ምድር በዛቢያዋ ላይ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ እንደምትዞር፣ ፀሐይም ባለችበት ሆና ሌሊትና ቀን እንደሚፈራረቁ በፈተና ወረቀት ላይ ያለ አንዳች ስህተት ይጽፋሉ።

ችግሩ የዕውቀት ማነስ አይደለም። ልጁ የሚያውቀው ነገር በደብተሩ ገጽ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተቀምጧል፤ እሱ ራሱ በዚያ ሥዕል ውስጥ የትም የለም። በሦስት አውታር ማሰብ የምለው፣ መሬት ላይ ቆሞ የሚታየውን ሰማይ፣ ከጠፈር ሆኖ ቢታይ ከሚኖረው አቀማመጥ ጋር በአእምሮ እያገላበጡ ማስተያየት መቻልን ነው። የሰሌዳ ሥዕል የሚያሳየው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም ጥልቀቱን ነጥቆ። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ባለው እያንዳንዱ ሥራ ላይ መምህሩ ሳይሰለች የሚደጋግማቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ «በዚህ ሥዕል ውስጥ አንተ የት ቆመሃል? ፊትህስ ወዴት ነው?»

ከዚህ በታች የቀረበው ለሁለተኛ ደረጃና ለኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎች የሚሆን ነው። ቁጥሮቹን የሰጠሁት ለደብረ ማርቆስ ሰማይ ሲሆን፣ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራ ወይም በሞጣ ለሚያስተምር ሰው ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ተኩል አይበልጥም። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ ጥቁር ጃንጥላ፣ ጠመኔ፣ የአንድ ሜትር ዘንግና ቱንቢ፣ ጥቂት ድንች፣ አምፖል ወይም ጥሩ የእጅ ባትሪ፣ ፈትል፣ ዶቃ፣ ካርቶን፣ የጨርቅ ኳስ፣ ሰፌድ፣ ውኃ የሚይዝ ሰፊ ሳፋና አንድ ጭብጥ ጤፍ ነው። ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በክረምት የጎጃም ሰማይ ደመና ስለሆነ የቤት ውስጡን ሥራ ለዚያ ማቆየት ይቻላል።

ደረጃ አንድ፦ ሰማዩን በገዛ ክንድ መለካት

ክንድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሲጨበጥ፣ የጡጫው ወርድ 10 ዲግሪ ያህል ሰማይ ይሸፍናል፤ የትንሿ ጣት ወርድ ደግሞ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ትንሽ ልጅ ክንዱም ጡጫውም ትንሽ ስለሆነ መለኪያው ለሁሉም ይሠራል። ተማሪው ማመን ካቃተው ከአድማስ ጀምሮ ጡጫ በጡጫ ላይ እየደራረበ እስከ አናቱ ይውጣ፤ ዘጠኝ ጡጫ ሲሞላ አናቱ ላይ ይደርሳል።

ቀጥሎ የሰሜን ኮከብን ይፈልጉ። በደብረ ማርቆስ ይህ ኮከብ ከአድማስ በላይ አንድ ጡጫ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ የቦታው ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከሲሶ ስለሆነ ኮከቡ ያለበት የምድር ዛቢያ ጫፍም በዚያው ልክ ነው ከፍ የሚለው። ኮረብታ ወይም የባሕር ዛፍ ሊጋርደው ስለሚችል ወደ ሰሜን ገላጣ የሆነ ቦታ አስቀድሞ ማጥናት ያሻል። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በብርድ አስወጥቼ፣ ኮከቡ ከአንድ ቤት ጣሪያ ጀርባ ሆኖ ሳያዩት ተመልሰዋል።

እዚህ ላይ «ለምን ዝቅ አለ?» የሚል ጥያቄ ከተማሪ ካልመጣ መምህሩ ያንሣው። በብዙ መጻሕፍት ላይ ያለው ሥዕል የሰሜን ኮከብን ከፍ አድርጎ፣ ሌሎቹን ከዋክብት ሳይጠልቁ በዙሪያው ሲሽከረከሩ የሚያሳየው ለሰሜኑ አገር ሰው ስለተሣለ ነው። የእኛ ተማሪ ያንን ሥዕል ሲሸመድድ፣ ከቤቱ ደጅ ከሚያየው ሰማይ ጋር ስለማይገጥምለት ሁለቱን ለያይቶ ማስቀመጥ ይለምዳል፤ ትምህርቱ ለፈተና፣ ሰማዩ ለደጅ ይሆናል። ይህን መለያየት ማስቀረት ከሁሉም በፊት ነው።

ደረጃ ሁለት፦ ጃንጥላው

ጥቁሩን ጃንጥላ ዘርግተው፣ በውስጠኛው በኩል ዘንጉ ከጨርቁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሰሜን ኮከብን በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። በአንድ ወገን የትልቁን ድብ ሰባት ከዋክብት፣ በትይዩው የካሲዮፔያን አምስት ከዋክብት ይሣሉ። ዘንጉን ወደ ሰሜን አቅንተው ከአግዳሚው 10 ዲግሪ ብቻ ቀና ያድርጉት፤ ጃንጥላው ዝናብ እንደሚከላከል ሰው ሳይሆን ሊተኛ ጥቂት እንደቀረው ሰው ይሆናል ማለት ነው። ተማሪው ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ወደ ሰሜን እየተመለከተ እርስዎ ከሰዓት ቆጣሪ አዟዟር በተቃራኒ ቀስ ብለው ያሽከርክሩት። የጃንጥላውን የታችኛውን ክፍል በሰፊ ካርቶን ቢጋርዱት ካርቶኑ አድማስ ሆኖ ያገለግላል።

ተማሪው የሚያየው ትልቁ ድብ በቀኝ ወጥቶ፣ በላይ አልፎ፣ በግራ ሲጠልቅ ነው፤ ይህም ደጅ ወጥቶ ጥቂት ሰዓት ከታገሠ በዓይኑ የሚያረጋግጠው ነገር ነው። አሁን ጃንጥላውን ለልጁ ስጡትና «ካይሮ ውሰደን» በሉት፤ ዘንጉን ወደ 30 ዲግሪ ማንሣት አለበት። «ወደ ምድር ወገብ» ሲባል አግድም ያጋድመዋል፤ «ወደ ሰሜን ዋልታ» ሲባል ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ያኔ ያ የመጽሐፉ ሥዕል ከየት እንደመጣ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ጃንጥላውን ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሌላ ተማሪ ደግሞ አዟዟሩ ለእሱ የተገለበጠ ሆኖ ስለሚታየው፣ ሁለቱ «ወደ ቀኝ ነው»፣ «የለም፣ ወደ ግራ ነው» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩን ቶሎ አይፍረዱ፤ ሁለቱም ልክ መሆናቸውን ራሳቸው ቦታ ተለዋውጠው እስኪደርሱበት መተው ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ደረጃ ሦስት፦ የዘንጉ ጥላ

የአንድ ሜትር ዘንግ በጠፍጣፋ መሬት ላይ በቱንቢ ተስተካክሎ ቀጥ ብሎ ይተከል። የእኩለ ቀን ጥላ የሚለካው በትክክል በ6 ሰዓት አይደለም፤ ሰዓታችን የተቀረጸው ከእኛ በስተምሥራቅ ላለው 45ኛ ኬንትሮስ ስለሆነ ፀሐይ ለደብረ ማርቆስ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ጥላው ወደ ሰሜን 67 ሳንቲሜትር ያህል ይዘረጋል። ከዚያ ሳምንት በሳምንት እያጠረ ሄዶ ሚያዝያ 8 ወይም 9 ገደማ ጨርሶ ይጠፋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ከዚያ በኋላ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። ፀሐይን ራሷን በዓይን መመልከት ክልክል መሆኑን በዚህ ሥራ መጀመሪያ ላይ በጥብቅ ማሳሰብ ያስፈልጋል።

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሣ አንድ የቋንቋ እንቅፋት አለ። ከውጭ የመጡት መጻሕፍት ስለ አራቱ ወቅቶች ሲያወሩ ብርዱን ወቅት «ክረምት» ብለን እንተረጉመዋለን፤ የእኛ ክረምት ግን ዝናቡ የሚወርድበት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ በእነሱ ዘንድ በጋ ነው። ተማሪው «በክረምት ፀሐይ ዝቅ ትላለች» የሚለውን ሲያነብ ሐምሌን ያስባል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ፀሐይ በእኛ አናት አካባቢ ናት። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ወቅቶችን በስማቸው መጥራት ትቶ በወር መጥራት ይሻላል።

የዛቢያውን ማዘንበል ለማሳየት አምፖሉን በክፍሉ መሐል ያስቀምጡና አንድ ተማሪ ዱላ ይዞ በዙሪያው ይዙር። ዱላው ከቁም 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያዘነብላል፤ ዋናው ነገር ግን ዙሪያውን ሲሄድ የማዘንበሉ አቅጣጫ እንዳይለወጥ ነው። ሁሉም ተማሪ በመጀመሪያው ሙከራ ዱላውን ወደ አምፖሉ እያጠፈ ይዞራል ማለት ይቻላል። መፍትሔው ሩቅ ምልክት መስጠት ነው፤ እኔ «ዱላህ ሁልጊዜ ወደ ጮቄ ያዘንብል» እላለሁ፤ ተራራው በመስኮት ይታያልና። ልጁ ጮቄን ሳይለቅ አንድ ዙር ሲጨርስ፣ በአንዱ ወገን የዱላው ጫፍ ወደ መብራቱ፣ በሌላው ወገን ከመብራቱ ርቆ እንደሚገኝ ያያል። ምድር ለፀሐይ ስትቀርብ ሙቀት ይሆናል ብሎ ለሚከራከር ተማሪ ደግሞ፣ ከፀሐይ እጅግ የምንርቀው በሰኔ መጨረሻ፣ እጅግ የምንቀርበውም በታኅሣሥ መጨረሻ መሆኑን መንገር ይበቃል፤ 152 እና 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ደረጃ አራት፦ ድንቹና ጨረቃ

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚገባው ሥራ ይህ ነው። ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት ነው የሚለው እምነት በጣም ሥር የሰደደ ከመሆኑ የተነሣ፣ በቃል ማረም ከንቱ ድካም ነው።

በእንጨት ላይ የተሰካ መካከለኛ ድንች ለእያንዳንዱ ተማሪ ያዘጋጁ። ድንቹ ቢላጥ ብርሃኑን በደንብ ያሳያል፤ ግን ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ሳይላጥ ኖራ ወይም የጠመኔ ዱቄት መቀባት ይሻላል። ሥራው የሚጀምረው በክፍል ውስጥ ሳይሆን በደጅ ነው። ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጨረቃ በምዕራቡ ሰማይ ገና አልጠለቀችም። ተማሪው ፊቱን ወደ ጨረቃ መልሶ፣ ክንዱን ዘርግቶ ድንቹን ከጨረቃዋ ጎን ያድርጋት። የጠዋቷ ፀሐይ ድንቹን ታበራዋለች፤ ድንቹም ከጨረቃዋ ጋር አንድ ዓይነት ቅርጽ ይይዛል፤ የበራው ወገን በበራው ወገን፣ የጠቆረው በጠቆረው። ጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ ክንዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞርና የድንቹ ቅርጽ እንደተለወጠ ያያል፤ ወደ ጨረቃ ሲመልሰው እንደገና ይገጥማል። ድንቹ ላይ የማንም ጥላ አላረፈም። አንዲት ፀሐይ ሁለቱን እኩል ታበራለች፤ የቀረው እኛ ከየት ሆነን እንደምናይ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ወደ ጨለመ ክፍል ይግቡ። አምፖሉ በራስ ቁመት ልክ ይቀመጥ፤ የተማሪው ራስ ምድር ነው፣ አፍንጫው ደብረ ማርቆስ። ድንቹን ከራሱ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይያዝ። ፊቱን ወደ አምፖሉ ሲያዞር የሚያየው የድንቹን ጨለማ ወገን ነው፤ ይህ ጨረቃ የማትታይበት ቀን ነው። ወደ ግራው ሩብ ዙር ሲዞር አምፖሉ በቀኙ ይሆናል፣ የድንቹም ቀኝ ግማሽ ይበራል። ጀርባውን ለአምፖሉ ሲሰጥ ድንቹ ሙሉ ይሆናል፤ ሌላ ሩብ ዙር ሲጨምር የግራው ግማሽ ይበራል። በዚህ ላይ ብዙ መምህራን ያቆማሉ፤ ፍሬው ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪው በመጀመሪያው ሩብ ላይ ቆሞ «አፍንጫህ ላይ ያለው ሰው ፀሐይን የት ያያታል?» ተብሎ ይጠየቅ። አምፖሉ በቀኝ ጆሮው በኩል ነው፤ አፍንጫው ላይ ላለው ሰው ያ ምዕራብ አድማስ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ጨረቃውም አናት ላይ ነው። እንዲህ እያለ የመጀመሪያው ሩብ ግማሽ ጨረቃ መውጫ እኩለ ቀን፣ መጥለቂያዋ እኩለ ሌሊት መሆኑን ሳይሸመድድ ያወጣዋል።

በየክፍሉ የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ አንድ ሁለት ልጅ አይጠፋም፤ በጎጃም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እነዚህ ልጆች የበዓላትን ቀን በሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን እንደሆነም ያውቃሉ። ቁጥሩን ከድንቹ ጋር እንዲያገናኙት ይጠይቋቸው፤ አንድ ሙሉ የጨረቃ ዑደት 29 ቀን ተኩል ያህል ስለሆነ፣ 12 ዙር ሲያልቅ ገና 354 ቀን ነው፤ ምድር ፀሐይን ዞራ ለመጨረስ 11 ቀን ይቀራታል። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላው 11 ይኸው ነው። አንድ ተማሪ ይህን ሲያይ «እስከ ዛሬ ቁጥሩን እንጂ ነገሩን አላወቅሁትም ነበር» አለኝ፤ እኔም ብሆን በእሱ ዕድሜ አላውቀውም ነበር።

ደረጃ አምስት፦ ግርዶሽ ለምን በየወሩ አይሆንም?

በድንቹ ሥራ ላይ ክንዱን ዝቅ ያደረገ ተማሪ የራሱ ጥላ ድንቹን ስለሚሸፍንበት ይህን ጥያቄ ራሱ ያነሣዋል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ ቀለበት ሆኖ የታየውን፣ በጎጃምም አብዛኛውን የፀሐይ ክፍል የሸፈነውን ግርዶሽ ያስታውሳሉ ወይም ሰምተዋል።

በሳፋ ውኃ ይሙሉ። የውኃው ገጽ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ሜዳ ነው። ሰፌዱን ግማሹ በውኃው ውስጥ፣ ግማሹ ከውኃው በላይ እንዲሆን በጥቂቱ አዘንብለው ይያዙት፤ የሰፌዱ ክብ ጠርዝ የጨረቃ ምሕዋር ነው። ማዘንበሉ 5 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ወርዱ 50 ሳንቲሜትር በሆነ ሰፌድ ላይ አንዱ ጠርዝ ከሌላው 4 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ጠርዙ ውኃውን የሚያቋርጠው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ግርዶሽ የሚሆነውም ጨረቃ ከነዚህ ነጥቦች በአንዱ አጠገብ ሳለች ፀሐይ በዚያው መስመር ላይ ስትውል ነው። «5 ዲግሪ ምን አላት?» የሚል ካለ፣ ጨረቃ ከምድር የምትርቀው በ30 የምድር ወርድ ልክ ስለሆነ በዚያ ርቀት ላይ ያቺ ትንሽ ማዘንበል ከሁለት የምድር ወርድ በላይ እንደምትሆን ያሰላ። ጥላው ከላይ ወይም ከታች አልፎ ይሄዳል።

ደረጃ ስድስት፦ ርቀትን በእግር መሄድ

ከጨርቅ የተሠራ ኳስ ይውሰዱና ዙሪያው በክር ሲለካ 44 ሳንቲሜትር እስኪሆን ድረስ ጨርቅ ይጨምሩበት ወይም ይቀንሱለት፤ ወርዱ 14 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይህ ፀሐይ ነው። ከዚያ አንዲት የነጭ ጤፍ ፍሬ በጥቁር ወረቀት ላይ ይለጥፉ፤ በዚህ ልክ ምድር ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ትበልጣለች። ወረቀቱን የያዘው ተማሪ ከኳሱ 15 ሰፋፊ እርምጃ ይራቅ። ጁፒተር 78 እርምጃ ላይ ያለ ባቄላ ነው፤ ኔፕቱን ደግሞ ከኳሱ 450 ሜትር ርቃ ያለች ምስር ናት፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ ትወጣለች። ጤፏን በእጁ የያዘው ልጅ ወደ ኳሱ ዞር ብሎ ሲያይ የሚናገረው ነገር አይኖረውም፤ ባዶው ሜዳ ይናገራል። በአቅራቢያችን ያለው፣ የፀሐይን ያህል ትልቅ የሆነው ኮከብ አልፋ ሴንታውሪ የት እንደሚቀመጥ ሲጠየቅ ግምቱ ከባሕር ዳር አያልፍም። መልሱ 4,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጆሃንስበርግ።

ያንኑ ኳስ አሁን ምድር ነው ይበሉና ጨረቃን የምትሆን ትንሽ ድንች ሰጥተው ርቀቱን እንዲገምቱ ያድርጉ። ሁሉም አስጠግተው ይይዟታል፤ የመጽሐፉ ሥዕል እንዲያ ነውና። ከዚያ ፈትሉን በኳሱ ዙሪያ ዘጠኝ ዙር ተኩል ይጠምጥሙና ፈትተው ይዘርጉት፤ 4 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ጨረቃ ያለችው እዚያ ነው።

ደረጃ ሰባት፦ ከዋክብት በአንድ ጣሪያ ላይ አልተለጠፉም

በመጀመሪያ አውራ ጣትን ዘርግቶ በአንድ ዓይን፣ ከዚያ በሌላው ማየት፤ ጣቱ ከጀርባው ካለው ነገር አንጻር ይዘላል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አይቆዩበት። ወደ ሜዳ ወጥተው አንድ ዛፍ ከሩቁ የጮቄ ተራራ አንጻር ይመልከቱ፤ ተማሪው ወደ ጎን 2 ሜትር ሲራመድ ዛፉ በትንሿ ጣት ወርድ፣ ማለትም በ1 ዲግሪ ከዘለለ፣ 2ን በ57 አባዝቶ ዛፉ 114 ሜትር ያህል እንደሚርቅ ያገኛል። ከዚያ በእርምጃ ያረጋግጥ። ጀርመናዊው ፍሪድሪሕ ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1838 የአንድን ኮከብ ርቀት ያወቀው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የእሱ ሁለት ሜትር የምድር ምሕዋር ነበር። በቅርባችን ላለው ኮከብ የሚገኘው ማዕዘን፣ አንድ ሳንቲሜትር በ2.7 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ የሚታየውን ያህል ቀጭን ነው።

ለዚህ ደረጃ የምመርጠው የከዋክብት ስብስብ የደቡብ መስቀልን ነው። በግንቦት መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ በደቡብ ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በዚያው ሌሊት ዞር ሲሉ የሰሜን ኮከብ አንድ ጡጫ ላይ ነው። ሁለቱን ባንድ ሌሊት ከአንድ ሜዳ ማየት ለአውሮፓ ተማሪ የማይሞከር ነው፤ ይህን ዕድል አለመጠቀም ያሳዝናል።

በካርቶን ላይ ቁመቱ 3 ሳንቲሜትር የሆነ መስቀል በአራት ቀዳዳ ያውጡ። ከአንድ ምስማር ተነሥተው በየቀዳዳው የሚያልፉ አራት ፈትሎች ይወጥሩ፤ ካርቶኑ ከምስማሩ 30 ሳንቲሜትር ይራቅ። ምስማሩ ዓይናችን ነው። ለእያንዳንዱ 2 የብርሃን ዓመት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) 1 ሳንቲሜትር እየሰጡ ዶቃዎቹን በየፈትሉ ላይ ያሥሩ፤ በአናቱ ያለው ቀላ ያለው ኮከብ ጋክሩክስ 44፣ ሚሞሳ 140፣ በግርጌ ያለው አክሩክስ 160፣ ኢማይ 172 ሳንቲሜትር ላይ ይውላሉ። ከምስማሩ አጠገብ ሆኖ በአንድ ዓይን ለሚያይ ሰው መስቀሉ ይታያል። ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ሲወጣ መስቀል የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ዶቃ ብቻዋን ቀርታለች፣ ሦስቱ ራቅ ብለው ተኮልኩለዋል።

ፀሐያችን ያለችበት የከዋክብት ክምችት (ጋላክሲ)፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ግን ከዚህም በቀላሉ በእንጀራ ይታያል። የጋላክሲያችን ወርድ 100,000፣ የከዋክብቱ ንጣፍ ውፍረት 1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ መቶ ለአንድ። ወርዱ 50 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ እንጀራም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ከመሐሉ 13 ሳንቲሜትር ላይ፣ በእንጀራው ውፍረት ውስጥ ናት። ከዚያ ሆኖ በእንጀራው ወርድ አቅጣጫ የሚያይ ሰው ብዙ ኮከብ ተደራርቦ ስለሚታየው ነጭ መቀነት ይመስለዋል፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያየ ግን ወዲያው ከእንጀራው ይወጣል። አሁን ያ በፈትል የሠሩት የደቡብ መስቀል በሙሉ በዚህ እንጀራ ላይ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ይጠይቁ። አንድ ዓይን ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ ወረቀትና ፈተና

ሥዕል መሣል የሚመጣው አሁን ነው። ለእያንዳንዱ ክስተት ተማሪው ሁለት ሥዕል ይሣል፤ አንዱ መሬት ላይ ቆሞ የሚያየውን ከነአድማሱ፣ ሌላው ከውጭ ሲታይ ያለውን። በሁለተኛው ሥዕል ላይ የቆመ ትንሽ ሰው መሣል ግዴታ ነው፤ እግሩ ወደ ምድር መሐል፣ ራሱ ወደ ውጭ። እኔ ለዚህ ሰው ብቻ ከአምስት ሁለት ነጥብ እሰጣለሁ፤ የተቀረው ሥዕል ምንም ያህል ቢያምር ሰውየው ከሌለ ሁለቱ ነጥቦች የሉም። እንደ ስቴላሪየም ያሉ በነፃ የሚገኙ የሰማይ ፕሮግራሞችም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ስክሪኑ ራሱ ሰሌዳ ስለሆነ ከጃንጥላው በፊት ባይከፈቱ እመርጣለሁ።

ለፈተና ትርጉም ከመጠየቅ ይልቅ ቦታ የሚያስለውጡ ጥያቄዎች ይሻላሉ። ለምሳሌ፦ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው፣ እኛ ጨረቃን ጨርሶ በማናይበት ቀን ምድርን እንዴት ያያታል? ሙሉ ሆና ነው። ግማሽ ጨረቃ አናትህ ላይ ሆና ፀሐይ እየወጣች ከሆነ የትኛው ወገኗ በርቷል? የምሥራቁ። በደብረ ማርቆስ ሚያዝያ 9 ቀን እኩለ ቀን ላይ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ የሚመለከት ሰው ምን ያያል? ጉድጓዱ በቱንቢ የተቆፈረ ከሆነ፣ ጥላ አልባ የሆነ ግድግዳና ውኃው ላይ የምታንጸባርቅ ፀሐይ። ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ ወረቀት ላይ ከማስጻፍ ይልቅ ጉድጓድ ካለበት ግቢ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ነጸብራቁ ዓይን ስለሚጎዳ ግን አጎንብሶ ማየት አይፈቀድም፤ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ጥላ መኖር አለመኖሩን ከጎን ሆኖ ማየት ይበቃል።